28 ገበሬ ለአንድ ጨረቃ

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ይሠራዋል። አኪራ ቶሪያማ በሣለው «ድራጎን ቦል» የተባለ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ውስጥ ራዲትዝ የሚባል ጠብ ፈላጊ ከሰማይ ወርዶ ምድርን ሲረግጥ መጀመሪያ የገጠመው አንድ ገበሬ ነው። ራዲትዝ ዓይኑ ላይ ስካውተር የሚሉት መነጽር ቢጤ አድርጓል፤ የሰውን ጉልበት በቁጥር የሚናገር መሣሪያ ነው። ገበሬውን አየና 5 አለ። እዚያው ታሪክ ውስጥ ማስተር ሮሺ የሚባሉ፣ ቆንጆ ሴት ሲያዩ አፍንጫቸው የሚነስር ሽማግሌ አሉ። ቡልማ የምትባል ሴት ያንኑ ስካውተር ጠግና ስትለካቸው 139 ሆኑ። እኒህ ሽማግሌ ደግሞ ቀደም ብሎ በተደረገ ውድድር ላይ ጨረቃን በአንድ ምት ድራሿን አጥፍተዋታል። እንግዲህ 139ን ለ5 ብናካፍል 27.8 ይመጣል። ገበሬ በክፍልፋይ ስለማይገኝ 28 እንበል። 28 ገበሬ ደቦ ከወጣ ጨረቃ አለቀላት ማለት ነው።

ይህን ግኝቴን መጀመሪያ ያቀረብኩት ለእህቴ ልጅ ነው፤ ድራጎን ቦልንም ያሳየኝ እሱ ነው። የምህንድስና ተማሪ ሲሆን ቤታችን ሲመጣ አንድ ወፍራም ደብተር በብብቱ ሸጉጦ ነው። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ተሳስተሃል» አለኝ በሐዘኔታ። «ሽማግሌው ጨረቃዋን የመቱት ጡንቻቸው አብጦ ነው። 139 የሚሆኑት ሳያብጡ ነው።»

አፈርኩ። ይህን ሁሉ ዕድሜ ስኖር «አብጦ» እና «ሳያብጥ» የሚባል ልዩነት መኖሩን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደቀ መዝሙሩ ነኝ።

ትምህርቱ ፓወር ስኬሊንግ ይባላል። በአማርኛ የሌለን ሰው ጉልበት ሰፍሮ ለሌላ የሌለ ሰው ማበደር ልንለው እንችላለን። የድራጎን ቦሉ ጀግና ጎኩ የዋን ፒሱን ሉፊን ይጥለዋል ወይ? ሉፊ ናሩቶን? ናሩቶ ኢቺጎን? ተፋላሚዎቹ ተያይተው አያውቁም፤ አንዱን የሣለው እጅ ሌላውን አልሣለውም፤ የአንዱ ዓለም ሕግ በሌላው ዓለም አይሠራም። ይህ ሁሉ ግን ለጥበቡ እንቅፋት አይደለም። እንዲያውም አንድ ቀን ተገናኝተው ቢለይላቸው ኖሮ ጥበቡ ሥራ ፈትቶ ይቀር ነበር።

የእኛ አገር ሰው ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። አውደ ነገሥት ገላጮች የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደል ቆጥረው፣ በ12 ገድፈው ኮከቡን ሲያወጡለት ኖረዋል። እነሱ ግን የሚቆጥሩት ቢያንስ ደጃቸው ተቀምጦ ለሚጠብቅ፣ ራሱን ለሚያመው ወይም ላሙ ለጠፋችበት ሰው ነው። የእህቴ ልጅ የእናት ስም አያስፈልገውም። አለማስፈለጉም ደግ ነው፤ የጎኩ እናት ስሟ ጊኔ መሆኑን ቶሪያማ የነገረን ማንጋው ካለቀ ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነውና እስከዚያ ጎኩ ኮከብ አልባ ሆኖ በቀረ ነበር።

ማዕረጎቹማ ያስቀናሉ። ድሮ ባላምባራስ የነበረ ሰው ግራዝማች፣ ግራዝማች የነበረ ቀኛዝማች ለመባል መዝመት ነበረበት፤ ሲዝትም ሲፎክርም በገዛ ጎራዴው ነው። አሁን በሌላ ሰው ሥዕል ይፎከራል። ሕንፃ ያፈረሰ «ቢልዲንግ ሌቭል»፣ ከተማ ያፈረሰ «ሲቲ ሌቭል» ተብሎ ይሾማል፤ ከዚያ ፕላኔት፣ ጋላክሲ፣ ዩኒቨርስ እያለ ይወጣል። ዩኒቨርስ አለቀ ተብሎ ሹመት አይቆምም፤ «መልቲቨርስ» አለ፣ ከእሱም በላይ «አውተርቨርስ» የሚሉት፣ ቦታም ጊዜም የሌለበት ማዕረግ አለ። ቦታና ጊዜ በሌለበት ቡጢ የት አርፎ መቼ እንደሚያም ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ እዚያ ገና አልደረስክም» ብሎ ደብተሩን ከደነ።

አለካኩን አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ተከታተልኩት። ከማንጋው አንድ ገጽ ተመረጠ፤ ተፋላሚው ሲመታ ተራራ ይናዳል። ከተራራው ሥር አንዲት ዛፍ አለች። ዛፏ በማስመሪያ 4 ሚሊሜትር ሆነች። ዛፍ 10 ሜትር ነው ተባለ፤ የምን ዛፍ እንደሆነች አልተነሣም። ተራራው በዛፏ ተለካ፤ የድንጋዩ ክብደት ወጣ፤ ክብደቱ በፍጥነት ተባዛ፤ ውጤቱ በቶን ፈንጂ ተጻፈ፣ ከነጥብ በኋላ ባሉ ሁለት አሃዞች ሳይቀር። በማግስቱ የፊዚክስ ፈተና ነበረበት። እሱን በዚህ ጥንቃቄ ይሥራው አይሥራው አልጠየቅሁም። ሠዓሊው ያቺን ዛፍ ለምን እንደሣላት ግን ጠርጥሬያለሁ፤ ጥጉ ባዶ እንዳይመስል ነው።

ፍጥነት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ጎኩ ከብርሃን ስንት እጥፍ እንደሚፈጥን ደብተሩ ላይ ሰፍሯል፤ ቁጥሩ ከመርዘሙ የተነሣ መስመር ይሻገራል። ያው ጎኩ ሞቶ ሊማር ወደ ኪንግ ካይ ሲሄድ «የእባብ መንገድ» የተባለውን 1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ስድስት ወር ግድም ፈጅቶበታል። ብርሃን ያንን መንገድ በ3 ሰከንድ ተኩል ውስጥ ጨርሶ ያርፋል። እኔም በደብተሩ ጥግ አሰላሁት፤ ጎኩ በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ነበር። ደህና መኪና በደህና መንገድ ይደርስበታል። «ያኔ ገና ደካማ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ከመሞቱ በፊት በራዲትዝ ስካውተር 416 ደርሶ ነበር፤ ጨረቃ አጥፊው ሽማግሌ 139 መሆናቸውን አንርሳ። ጨረቃ ለማጥፋት የሚተርፍ ጉልበት ይዞ ኮረኮንች ላይ እንዳለ ሚኒባስ ስድስት ወር መንገድ ላይ መቆየት ይቻላል ማለት ነው። ሳይንስ ነው፤ እቀበላለሁ።

ይህን ሳይንስ የሚያንቋሽሹ ምቀኞች የሚያወሩትንም መደበቅ አይገባኝም። ጎኩ ሱፐር ሳይያን ወደሚባለው ብርቱ መልኩ ሲቀየር ፀጉሩ ለምን ወርቃማ ሆነ? ደብተሩ፣ ኃይሉ 50 እጥፍ ስለጨመረ ነው ይላል። ቶሪያማ ራሱ የሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ ያንን ሁሉ ጥቁር ፀጉር በቀለም መሙላት የረዳቱን ጊዜ ይበላ ነበር፤ ወርቃማ ከሆነ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ይተዋል። ተፋላሚዎቹስ ለድብድብ ለምን ወደ ምድረ በዳ ይሄዳሉ? ሰላማዊ ሰው እንዳይጎዳ ይመስለን ነበር፤ ለካ ሕንፃ መሣል ያታክታል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 በየሳምንቱ ለመጽሔት እያስረከበ 519 ምዕራፍ የሣለ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የከፋው የሰው ሠራሾቹ ተዋጊዎች ነገር ነው። ቶሪያማ ዓለምን ያስጨንቃሉ ብሎ አንድ ሽማግሌና አንድ ወፍራም አቀረበ። የቀድሞ አርታዒው ካዙሂኮ ቶሪሺማ ያንን አይቶ ደወለለት፤ እነዚህ ጠላት ይሆናሉ ወይ ነው ነገሩ። ቶሪያማ ቁጥር 17ንና ቁጥር 18ን አመጣ። እነዚህ ደግሞ ልጆች ናቸው ተባለ። ሴል የተባለ ጭራቅ መጣ። የሴልም መልክ አላማረም ተባለና ቅርጹን ቀየረ። እያንዳንዱ ተተኪ ከፊተኛው የባሰ ብርቱ ሆኖ ነው የመጣው። የእህቴ ልጅ ለዚህ የኃይል ዕድገት 11 ገጽ ማብራሪያ ጽፏል፤ ስለ ሴሎች፣ ስለ ውህደት፣ ስለ ብዜት። እኔ በበኩሌ በድራጎን ቦል ዓለም ውስጥ ከሁሉ የሚበረታው የቶሪሺማ ስልክ ነው የሚል አንድ መስመር ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ እስክሪብቶውን ከለከለኝ።

የስካውተሩ ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። መሣሪያውን ይዘው የመጡት እነማን ናቸው? ወራሪዎቹ። ራዲትዝ ጎኩንና አብሮት የተሰለፈውን ፒኮሎን ለካቸው፤ 416 እና 408። ሁለቱ ቢደመሩ 824፤ ሳቀባቸው። አራት ዓመት የሆነው የጎኩ ልጅ ጎሃን አባቱ ሲደበደብ ሰምቶ ሲያለቅስ መሣሪያው 710 አለ፤ ራዲትዝ ተበላሽቷል ብሎ ናቀው። ሕፃኑ በግንባሩ ደረቱን ሲመታው 1 ሺህ 307 ነበር። ራዲትዝ በዚያው ቀን ሞተ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ወራሪ ቬጂታ ደግሞ የጎኩ ቁጥር ከ8 ሺህ ማለፉን ሲያይ መሣሪያውን በመዳፉ ጨፍልቆ ጣለው። በእንግሊዝኛ የተተረጎመው ፊልም ያንን 9 ሺህ አደረገውና ዓለም የሚያውቀው 9 ሺህን ብቻ ሆነ፤ የዚህ ሳይንስ ዝነኛ ቁጥር የአስተርጓሚ ስጦታ ነው። የወራሪዎቹ አለቃ ፍሪዛ 530 ሺህ ነኝ ብሎ ከተመጻደቀና ከወደቀ በኋላም ቁጥሮቹ ከታሪኩ ውስጥ እየጠፉ ሄዱ። ሠዓሊው መሣሪያውን በገዛ ገጸ ባሕርያቱ እጅ ሰባብሮ ጣለው፤ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ስብርባሪውን ለቅመው ዓይናቸው ላይ አሰሩት።

1 ሺህ 307 የሚለው ደብተሩ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል። ሕፃኑ ለምን እንዳለቀሰ አልተጻፈም።

ድራጎን ቦል አረጀ ለሚል ሰው ዋን ፒስ አለ። እዚያ ስካውተር የለም፤ መንግሥት ለእያንዳንዱ የባሕር ወንበዴ ራስ የሚቆርጠው ዋጋ አለ። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ ዋጋው የጉልበት መለኪያ እንዳይደለ፣ መንግሥት ሰውየውን ምን ያህል እንደፈራው የሚያሳይ እንደሆነ በታሪኩ ደጋግሞ አሳይቷል። ለማስረዳትም ብዙ ደክሟል፤ ግዙፍ አውሬ የሚሆነውን ቾፐርን የቤት እንስሳ መስሏቸው 50 በሪ ብቻ ቆረጡለት፤ ከረሜላ አይገዛም። ባጊ የሚባለው ፈሪ ቀልደኛ ደግሞ ባልደረቦቹ ያሳተሙት ማስታወቂያ አለቃ አስመስሎት 3 ቢሊዮን 189 ሚሊዮን ደረሰ። ሉፊ 3 ቢሊዮን ነው። በደብተሩ መሠረት ባጊ ሉፊን ይደበድበዋል ማለት ነው። ይህንን ስጠይቅ «ባጊ ልዩ ጉዳይ ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። ደብተሩ ላይ ልዩ ጉዳዮች የተመዘገቡበትን ክፍል ቆጠርኩት፤ ከዋናው ክፍል ይወፍራል።

ትንበያውን ብዘለው ግፍ ይሆንብኛል። የ«ጁጁትሱ ካይሰን» ማንጋ ባላንጣዎች ጎጆ እና ሱኩና ሊፋለሙ ነው የተባለ ጊዜ የእህቴ ልጅ ምግብ ቀነሰ። ከስድስት ወዳጆቹ ጋር ሆነው ለሁለት ተከፈሉ፤ ሠንጠረዥ ወጣ፤ ጎጆ ከ10 ጊዜ 7ቱን ያሸንፋል ተብሎ ተፈረመ። ከ10 ጊዜ የሚባለው ነገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ተረዳሁ፤ አንድን ሰው አሥር ጊዜ አጋጥሞ ሰባት ጊዜ ማዳን ማለት ነው። ደራሲው ጌጌ አኩታሚ ግን የሚያጋጥማቸው አንዴ ነው። 235ኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ጎጆ ያሸነፈ መሰለ፤ የእህቴ ልጅ ለሁላችንም ማኪያቶ ጋበዘ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023፣ እኛ ለመስቀል ደመራ ስንዘጋጅ፣ 236ኛው ወጣ። ጎጆ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጦ ከሞቱ ጓደኞቹ ጋር ያወራል። ሬሳው ለሁለት ተከፍሎ ወድቋል፤ የቆረጠው ምት በሥዕል እንኳ አልታየም።

የሰባቱን ድል ዕድል ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት እንኳ ላሟን ሰማይ ላይ ይተዋታል፤ እነዚህ ወተቷን አልበው፣ ንጠው፣ ቅቤውን በኪሎ ተምነው ነበር። የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን ዝም ካለ በኋላ ፍርዱን ሰጠ። «ጋሼ፣ ደራሲው ጎጆን አያውቀውም» አለ። ሰውየው የፈጠረውን ሰው አቅም በማስላት ተሳስቷል፤ ደብተሩን አስቀድሞ ቢያይ ኖሮ ይህ አይደርስበትም ነበር። ሠንጠረዡ አልተቀደደም። ከሥሩ «ደራሲው ስላበላሸው አይቆጠርም» ተብሎ ተጽፎበት ለሚቀጥለው ፍልሚያ አዲስ ገጽ ተገለጠ።

ባለፈው እሑድ «እኔንስ ስንት ትለኛለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፤ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ያውቃል። «3፣ ጋሼ» አለ። አልተከራከርኩም፤ አንተስ አላልኩትም።

ያ ገበሬ 5 ነበር። ስሙን ማንም አልጠየቀውም፤ ጠመንጃውንም ሲተኩስ ራዲትዝ ጥይቱን በእጁ ይዞ መለሰለት። ማንንም ሳይለካ፣ ከሰማይ የወደቀው ምን እንደሆነ ለማየት የሄደ ግን እሱ ነው።