ላፕቶፑን ማን ፈርሞ ይረከበዋል?

ጨምረው ጨምረው ደግሞ ላፕቶፕ አሉ። ለእያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንዳንድ! ነገሩ ቡና ላይ ይነሳል፣ ዕድር ላይ ይነሳል፤ ሰሞኑንማ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተነስቶ ሟቹ ራሱ ተረሳ። «ዓለም የት ደርሷል፣ እኛ ገና በጠመኔ!» ይላል አንዱ። «ልጆቻችን ከማን ያንሳሉ!» ይላል ሌላው። ከማንም አያንሱም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል? ሲወድቅ ከማን ደመወዝ ይቆረጣል? ሲበላሽ ከመዝገብ የሚያወጣው ማን ነው? ይህን ስጠይቅ ሰዉ ሁሉ ወደ ንፍሮው ይዞራል።

መጠየቅ መብቴ ነው። ጠጉሬ የሸበተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ጠመኔ በካርቶን፣ ዳስተር በደርዘን፣ የላብራቶሪ ብልቃጥ በፍሬ ተረክቤ አስረክቤያለሁ። ያለ ሞዴል 19 የገባች፣ ያለ ሞዴል 22 የወጣች አንዲት እርሳስ የለችም። ጡረታ ስወጣ ኦዲተሩ ቢቆጥር ቢቆጥር መጥረጊያ እንኳ ሊያጎድልብኝ አልቻለም። ማይክሮስኮፖቹ ከነላስቲካቸው ነበሩ። የባዮሎጂ መምህሩ «እባክዎ ጋሼ፣ ልጆቹ አንድ ቀን ይዩበት» እያለ ደጅ ይጠናኝ ነበር። የተማሪ እጅ የነካው ዕቃ ደግሞ መውደቁ አይቀርም፤ ከወደቀ መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ስለዚህ በኔ ዘመን አንድም ማይክሮስኮፕ አልወደቀም። አሜባ ያየ ተማሪም የለም፤ እሱን ግን ኦዲተር አይጠይቅም።

ደግሞ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ መምህር ስናይ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣልን። የዛሬ ወጣት ወላጆች ያስታውሱታል፤ የተማሩት በሱ ነውና፣ ተማሩ ከተባለ። ቴሌቪዥኑን ከመኪና ሲያወርዱት እንደ ሙሽራ ነበር፤ አንዱ «ቀስ!» ይላል፣ ሌላው በር ይይዛል፣ ርዕሰ መምህሩ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይወርዳል፤ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ። እኔ ከመጋዘኔ መስኮት ሆኜ እሰማለሁ። የቴሌቪዥኑ መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ የኛ ልጆች ገና ጥያቄውን እየገለበጡ ሳለ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ማንን ነው ያመሰገነው? ክፍሉ ውስጥ አፉን የከፈተ ሰው የለም! የክፍሉ መምህር ዲግሪውን ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆኗል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሳተላይት ይሉኝታ የለውም፣ አይጠብቅም። መብራቱ ሲመለስ ምዕራፉ አልፏል፣ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ርዕሱን ብቻ ጽፈው ቀርተዋል።

እያደር ፕላዝማዎቹ አንድ በአንድ ይታመሙ ጀመር። መለዋወጫ የለም፣ የሚጠግን ሰው የለም። መዝገቤ ላይ ግን «አለ» ነው የሚለው። ዕቃ ሞተ ብሎ ለመቅበር ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴውን ለመሰብሰብ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ፊርማ፣ ለፊርማው ደግሞ ስብሰባ ላይ ያልሆነ ኃላፊ። እናም በድኑን ደርድሬ፣ አቧራውን እየጠረግሁ በየዓመቱ ቆጥሬዋለሁ። ቆጠራ ላይ ሁሌም ሙሉ ነበርን።

አሁን ደግሞ መዓቱ ቤቴ ድረስ ገባ። የልጅ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፤ ሜልቦርን ያለችው የእህቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ላከችለት። ባትሪው ሞቷል፤ ከዲቫይደሩ ከተነቀለ እስትንፋስ የለውም። የቤታችን ብሬከር ምጣድ ሲሰካ ይወርዳል፤ ብሬከሩ ሲወርድ ላፕቶፑም የተጻፈበትን ሁሉ ይዞ አብሮ ይወርዳል።

«አባባ፣ እማማን ዛሬ እንዳይጋግሩ ይንገሩልኝ» አለኝ ባለፈው።

«ምን ልትበላ?»

«አሳይመንት አለብኝ እኮ። ፊዚክስ ነው።»

«በደብተርህ ጻፈዋ!»

«በሶፍት ኮፒ ነው የተባልነው፣ አባባ።»

ሶፍት ኮፒ በየትኛው ሞዴል ገቢ እንደሚደረግ እስካሁን የነገረኝ የለም። የዚያን ቀን እንጀራ ከሱቅ ገዛን።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ዓድዋ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፍኩ ብሎ አሳየኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። እንከን የለውም፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ ቦታውን አልሳተም። የልጅ ልጄን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በአማርኛ «ሰ» እና «ሠ» ሲያምታታ የሚውል ልጅ ነው። «አንተ የጻፍከው የቱን ነው?» ብለው አላፈረም። «ስሜን» አለኝ። ቀሪውን የጻፈው ቻትጂፒቲ የሚባለው ነው። በኛ ቋንቋ ይህ ያልተረከቡትን ዕቃ ተረከብኩ ብሎ መፈረም ነው፤ ያስጠይቃል።

ላፕቶፑ ግን ወሬኛ መሆኑ ጠቅሞኛል። ማታ ማታ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ «እስቲ ፈልግ» እለዋለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ክስ አብዛኛው ከራሱ ከተከሳሹ አፍ የወጣ ነው።

ለልጅ ሁሉ ላፕቶፕ የሚለውን ወሬ ዓለም ላይ ያራገቡት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚባሉ፣ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው። በኅዳር 1998 ዓ.ም. ቱኒስ ላይ፣ ባለ 100 ዶላር ላፕቶፕ ብለው አረንጓዴ ማሽን ይዘው ቀረቡ። መብራት በሌለበት በእጅ እየተዘወረ እንዲሠራ እጀታ ነበረው። አጠገባቸው የነበሩት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን እጀታውን ቢያዞሩት እጃቸው ላይ ተነቅሎ ቀረ ይባላል። አስቡት እንግዲህ! እኔ ንብረት ክፍሉ ብሆን ዋና ጸሐፊውን «ጌታዬ፣ ከደመወዝዎ ይቆረጣል» ልላቸው ነው። ኋላ ማሽኑ ተሠርቶ ሲወጣ እጀታው የለም፣ ዋጋውም ወደ 200 ዶላር ተጠግቷል። ከዚያው ዘር ጥቂት ሺዎቹ በ2000 ዓ.ም. ግድም ወደኛም አገር መጥተው ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ታድለው ነበር።

እኚሁ ሰው በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ አመጡ። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች፣ ታብሌት በታሸገ ካርቶን አኖሩላቸው። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም፤ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ይደረጋል። ሰውየው እንደተናገሩት ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የመጣውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱት። ዓለም «ያለ መምህር!» ብሎ አጨበጨበ። እኔ ግን የታየኝ መቆለፊያው ነው። ስንት የተማረ ሰው ያሰረውን ቁልፍ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ፈታው፤ እንግዲህ የኔ መጋዘን ላይ ያለው ጓጉንቸር ምን ሊሆን ነው? ደግሞስ የወንጪ ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ካርቶን ያስፈልግ ነበር? ጠዋት ፈረስ የሚያከራየውን ልጅ ዋጋ ቢከራከሩት ይበቃ ነበር።

ፔሩ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ ገዝታ አደለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ አጥኚዎች ያገኙና ያላገኙ ትምህርት ቤቶችን አወዳድረው በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ልዩነት አላገኙም። ልጆቹ ማሽኑን መነካካት ለምደዋል፤ ማካፈል ግን ማካፈል ነው፣ ሰው ይፈልጋል።

አውስትራሊያ ይሻል ይሆን ብዬ የእህቴን ልጅ ጠየቅኋት። እዚያ ኬቨን ራድ የሚባሉት ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ምርጫ ሲወዳደሩ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለ ተማሪ ሁሉ ኮምፒውተር ብለው ቃል ገቡ፤ ተመረጡ፤ ከ900 ሺህ በላይ ኮምፒውተርም ተሰጠ። ቃል ጠብቀዋል፣ አልዋሽም። የሷ የመጀመሪያ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን በጀቱ አበቃ። ሁለተኛው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ «ከቤትህ ይዘህ ና» ተባለ፤ ገዛች። ለሀብታም አገር ያልዘለቀ ነገር ነው እንግዲህ ለኛ ቡና ላይ የሚታደለው።

ነገሩን በወጉ የያዘችው ኡራጓይ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምራ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ላፕቶፕ ስታድል ኢንተርኔቱንም ዘረጋች፣ የሚሰበረውንም የሚጠግን ድርጅት አቋቋመች። የልጅ ልጄ ይህን ሲያነብልኝ ደስ አለው፤ «አዩ አባባ!» አለኝ። አየሁ። ያየሁት ጥገናውን ነው።

ወደኛው ልመለስ። ፈተናውም ኮምፒውተር ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ሦስት ልጅ አንድ ኪቦርድ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ሺፍት ይይዛል፣ አንዱ ፊደሉን ይጫናል፣ ሦስተኛው ያያል። ማውዝ ሳይነካ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሕይወቱን ፈተና በማውዝ ውሰድ ሲባል ግፍ ነው፤ እዚህ ላይ ከላፕቶፕ ወገን ነኝ። ግን በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,328 ትምህርት ቤቶች ተቆጠሩ። በ2017 ያለፈው ተማሪ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ተመስገን ነው። በነዚያ ትምህርት ቤቶች የጎደለው ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣና ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። ላፕቶፕ ለምን እንደሚወደድ ግን አውቃለሁ። ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በመኪና ይራገፋል። መምህር ደመወዝ ሲጨመርለት ሪባን የለውም፤ የተቀየረ ሶኬትም ማንም ቆሞ አያጨበጭብለትም።

ቢሰጥስ ምን ይሆናል? እኔ ልንገራችሁ። ርዕሰ መምህሩ በሞዴል 19 ይረከባል፣ ንብረት ክፍሉ ቁልፍ ያበጃል፣ «ለልጅ አውጥተህ ብትሰጥና ቢጠፋስ?» የሚል ስብሰባ ይደረጋል፣ ላፕቶፑም ከማይክሮስኮፑ ጎን ከነላስቲኩ ይደረደራል። ባትሪ ደግሞ ተኝቶ ሲከርም ይሞታል፤ ይህንንም ያወቅሁት ከልጁ ነው። ቀድሞ የነበርኩበት ወንበር ላይ ዛሬ የተቀመጠውን ሰው አትውቀሱት። እሱ የሚጠየቀው ስለጠፋው ነው፤ ስላልተማረው የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ በጀት የያዛችሁ ሰዎች፣ የሽማግሌ ልመና ስሙኝ። ላፕቶፑን በመጀመሪያ ለመምህሩ ስጡት፤ ቢያንስ ቻትጂፒቲ የጻፈውንና ተማሪ የጻፈውን ይለይበት። መብራቱንና ሶኬቱን ቀድማችሁ አስገቡ። በየወረዳው የጥገና ባለሙያ መደብ ክፈቱ፣ ደመወዝም በጅቱለት። ከሁሉ በፊት ደግሞ በተማሪ እጅ ለተሰበረ ላፕቶፕ ንብረት ክፍሉ ከደመወዙ አይከፍልም የሚል ደብዳቤ ጻፉልን፤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ግልባጩም ለኦዲት የተደረገ ይሁን።