ፍጥነቱ ለማስታወቂያ፣ ሙቀቱ ለእኛ

አይ የእኛ ነገር! ኮምፒውተር እናፍጥን ብለን ተነስተን፣ ሙቀት ስናባርር ዕድሜያችን አለቀ። ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ማለትም ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ ድሮ ኪስ ያጠረው ሰው ብልሃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ፣ 300 ሜጋኸርዝ ተብሎ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ገዢው የማዘርቦርዱን ባስ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲያወጣው፣ ያው ቺፕ ብዙ ጊዜ 450 ይሮጥለታል። የርካሹን ከፍሎ የውዱን መጠቀም ማለት ያ ነበር።

ዛሬ ያንን ትርፍ ፋብሪካው ቀድሞ በልቶታል። ቺፑን ጥጉ ድረስ ይገፋውና ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ አትሞ ይሸጥልናል። ኮር አይ9-13900ኬ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይወስዳል። ማዘርቦርዱ ደግሞ፣ ማን ጠይቆት እንደሆነ እንጃ፣ ብዙ ጊዜ ያንኑ ገደብ አንስቶ ይጠብቀን ነበር። ኤኤምዲም ራይዘን 7000ን ሲያወጣ 95 ዲግሪ ቢደርስ አትስጉ፣ ተብሎ የተሠራ ነው አለን። አንሰጋም፤ ግን ከጠረጴዛው ሥር እግሩ የሚጠበሰው የማን ነው? ኦቨርክሎክ ይፈቀዳል ለምትለው «ኬ» ፊደል ጨምረን ከፍለን ካርቶኑን ስንከፍተው ፋን የሚባል ነገር የለም። እሱን ለብቻ ግዙ ነው ነገሩ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ጣጣው ይብሳል። «አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል?» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ከተማዋ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ቢበርድም ስስ ነው፤ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። አቧራውንማ ተዉት። የኬዙን ጎን ክፈቱና እዩ፦ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ሥሩ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት 100 ዲግሪ የሚነካውን ደግሞ ስትነቅሉት፣ ከመግጠም በፊት መላጥ የነበረበት ላስቲክ እንደተለጠፈ ቁጭ ብሏል። የእጅ ዋጋ ግን ተከፍሏል።

መካሪውስ? «ቮልቴጅ ጨምርለት» ማለት ለሁሉም ይቀለዋል። የዩቲዩቡን ልጅ ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ባዮስ ውስጥ የሚያስገባም አለ፤ ሲሉ ሰምታ አሉ! ቺፑ የሚበላው ኃይል የሚያድገው በቮልቴጁ ካሬ ነው። ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትጨምሩ፣ ፍጥነቱን ሳትነኩት እንኳ ሙቀቱ 21 በመቶ ያድጋል። ሙቀቱ ገደቡ ላይ ሲደርስ ቺፑ ነፍሱን ለማዳን ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ልፋታችሁም ገደል ገባ። ቮልቴጅ እንኳን እኛን ሠሪዎቹንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል አንዳንድ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ መበላሸታቸውን አምኖ፣ የባዮስ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። መልካም። ቺፑን ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ያመጣለት ሰው ዋስትናውን ይዞ የማንን በር ያንኳኳ?

የቀረን መላ ወደ ታች መውረድ ሆኗል። ባዮስ ገብቶ የዋት ገደቡን ዝቅ ማድረግ፣ ቮልቴጁን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ፣ በየለውጡ ከባድ ሥራ ጭኖ ሙቀቱንና አለመንገጫገጩን ማየት። ብዙው ሙቀት የሚመጣው ለመጨረሻዋ ቅንጣት ፍጥነት ስለሆነ፣ በዕለት ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። መላው ይሠራል፣ አይካድም። ግን ፈጣኑን ጨምረን ከፍለን ገዝተን፣ ማቀዝቀዣ በላዩ አክለን፣ ቤት ስናደርሰው «እባክህ ቀስ በል» ብለን መለመናችን ምን የሚሉት ፍርጃ ነው?