እንግዳ ሆኖ ባለቤቱን ማገት

ፕላግኢን በሌላ ሶፍትዌር ቤት የሚያድር እንግዳ ነው። ሞዳል መስኮት መክፈት ሲያምረው ግን «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ቤቱን በሙሉ ያግታል። «እሺ» ወይም «ይቅር» እስኪባል ባለቤቱ ንቅንቅ የለም። ሙዚቃ ማቀናበሪያ ላይ ከሆነማ ዜማው ሊቀጥል ይችላል፤ ማቆሚያው ቁልፍ ግን ምላሽ አይሰጥም።

ይባስ ብሎ መስኮቱ አንዳንዴ ከዋናው መስኮት ጀርባ ይሸሸጋል፤ ተጠቃሚው ያላየውን ጥያቄ መመለስ ይጠበቅበታል። (ዲዛይነሩ መቼም «ትኩረት ለመሳብ ነው» ባይ ነው።)

በዜሮክስና በአፕል የሠራው ላሪ ቴስለር ለሞዳል መስኮት ስሙን የሰጠውን «ሞድ» የሚባል ነገር ከመጥላቱ የተነሳ የመኪናው ታርጋ «ኖ ሞድስ» የሚል ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ2020 አረፈ። አንዳንድ ሞዳል መስኮቶች ግን «እሺ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ ይዘው ዛሬም ምርጫችንን ይጠይቃሉ።