ከተማው ስንት ሰዓት ነው?

ወደማያውቀው ከተማ ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ሰው ከሦስት ወገን አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዘመድ ጠያቂ ነው። ሻንጣውን ሳይዘጋ እናቱ ትደውላለች፤ «የአክስትህ ባል ወንድም እዚያ አለ፤ ሳታየው እንዳትመለስ!» ሰውየው የአክስቱን ባል ራሱን በወጉ አያውቀውም። ቢሆንም ይሄዳል፣ ይበላል፣ «ምነው አልበላህም» ይባላል፣ እንደገና ይበላል፣ የሠርግ አልበም ይገለጥለታል፤ ከተማውን በታክሲ መስኮት አይቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ፎቶ ተነሺ ነው። ሐውልት ባየ ቁጥር ፊቱ ይቆማል፤ ሐውልቱ የማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ግን አታሳፍሩት። ሦስተኛው ዝርዝር ያዥ ነው። የሚያስፈራው እሱ ነው።

እኔ ሐረር የሄድኩት ከሦስተኛው ጋር ነው። መሥሪያ ቤታችን ለስልጠና ድሬዳዋ ልኮን ነበርና ስልጠናው አልቆ፣ አበሉ ተፈርሞ፣ ወደ አዲስ አበባ እስክንበር ትንሽ ጊዜ ተረፈን። ባልደረባዬ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ዝርዝር ሲያወጣ አድሯል። ጠዋት ወረቀቱን ቁርስ ላይ ዘረጋው።

«ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ» አለኝ። «ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብንሰጠው አራት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ይፈጃል።»

«እሺ» አልኩት።

«ስድስቷን ደቂቃ ከየት እናምጣ?»

ስድስቷ ደቂቃ በጣም አስጨንቃዋለች። መቶ ከምናምን የሚሆኑት የአውልያ መቃብሮችና ከ360 በላይ ናቸው የሚባሉት ጠባብ መንገዶች ገና አልተነሱም። ይህ ሁሉ የታጨቀው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላው የጀጎል ግንብ ውስጥ መሆኑ ነው ልቡን ያሞቀው። «ቅርብ ለቅርብ ነው» ይላል፣ የግንቡ ባለቤት አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ከተማዋን ያሳጠሯት ለእሱ መርሐ ግብር እንዲመች ይመስል።

ከድሬዳዋ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። ሚኒባሱ ደንገጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከድሬ ያመጣነው ላብ ደረቀ፤ ሐረማያ ላይ ጃኬት አማረን፤ አወዳይ ስንደርስ ሹፌሩ ስለ ጫት ወረደ። አወዳይ የጫት ገበያ እንደሆነ አገር ያውቃል። ሹፌሩም የአገር ልጅ ነው። በዝርዝሩ ላይ «አወዳይ፦ 0 ደቂቃ» ተብሎ የተያዘው ጉዳይ እስኪጠናቀቅ ቆይተን፣ ሐረር የገባነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነው።

እዚህ ላይ ነው ዝርዝሩ የተቀደደው። ሱቁ ገርበብ ብሏል። ባለሱቁ በበሩ ክፍተት ጋደም ብሎ ይታያል። ሙዚየም የሚያሳየን ሰው ብንጠይቅ «በርጫ ላይ ነው» ተባልን፤ ጫት እየቃመ ነው ማለት ነው። አስጎብኚ ብንፈልግ እሱም እዚያው። ባልደረባዬ ሰዓቱን እያየ «ይሄ ከተማ ዝግ ነው!» ብሎ ጮኸ። አጠገባችን ባጃጁን አቁሞ አንዲት ቅጠል በጥንቃቄ የሚመርጥ ወጣት ቀና ብሎ አየውና «አቦ፣ ከተማው አልተዘጋም፤ ቁጭ ብሏል እንጂ። አንተም ቁጭ በል» አለው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አጭር ጉብኝት ብዙ ምክር ሰምቻለሁ፤ የዚህን ባለባጃጅ የሚያህል ግን አልገጠመኝም። እኛ ወደ ከተማ ስንሄድ የምንጠይቀው «ምን ምን አለ?» ብለን ነው። መጠየቅ የነበረብን «ምኑ በስንት ሰዓት ነው?» ብለን ነበር። ከተማ ቀኑን ሙሉ በአንድ ፊት አይቀመጥም። በተሳሳተ ሰዓት የደረሰ እንግዳ ሁሉንም ቦታ ረግጦ ምንም ሳያይ ይመለሳል።

ለማንኛውም ቁጭ አልን። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በወተት አመጡልን። ጠረጴዛ የተጋራናቸውን አንድ ሽማግሌ «እባክዎን»፣ «ይቅርታዎን» እያልን ስንሽቆጠቆጥ ሳቁብን። ሐረር ላይ «አንተ» መባል ንቀት አይደለም፤ ይልቅ አንቱታ ሲበዛ ሰውየው ምን ሊበደር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ዩኔስኮ ለሐረር እ.ኤ.አ. ለ2002–2003 የሰላም ከተማ ሽልማት ሲሰጥ የተመለከተው የልዩ ልዩ ሃይማኖትና ብሔረሰብ ሰዎች አብሮ መኖርን ነው፤ እኔን ቢጠይቁኝ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለውን መቀመጥም ቁጠሩልኝ እላቸው ነበር። ቁጭ ያለ ሰው ከማን ጋር ይጣላል?

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከተማው ተነሣ። ሱቆቹ ተከፈቱ፣ ፈረስ መጋላ በሰው ሞላ፣ ሸዋ በር የሳምቡሳው ዘይት ይንጣጣ ጀመር። አስጎብኚውም ራሱ ፈልጎን መጣ፤ እንደዚያ ያለ አንደበት የነበረው አስጎብኚ ጠዋት ላይ ይገኛል ብዬ አላምንም። ከመግሪብ በኋላ ከግንቡ ውጭ፣ ፈላና በር አካባቢ ወሰደን። የጅብ ሰው የሚባለው በስም እየጠራ ጅቦቹን ሰበሰባቸው። ሥጋውን በአጭር እንጨት አንጠልጥሎ አንዴ በእጁ፣ አንዴ በጥርሱ እየያዘ ያጎርሳቸዋል። ለባልደረባዬም እንጨቱን ሰጠው። መልከ መልካሙ ጅብ ከትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ሥጋውን ሲወስድ ባልደረባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዝርዝሩ ላይ «ጅብ ማብላት፦ 15 ደቂቃ» ይላል። ለሦስት ሰከንድ ያህል በልቶለታል፤ የቀረው ጊዜ እግሩ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም የተጠበቀበት ነው።

እነዚህ ጅቦች ሌሊት ወደ ጀጎል የሚገቡበት ቀዳዳ ግንቡ ላይ ተበጅቶላቸዋል፤ ገብተው የተጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ አጽድተው ይወጣሉ። ሰው ሲያንቀላፋ ፈረቃቸውን ይጀምራሉ። እነሱ እንኳ የከተማውን ሰዓት ያውቃሉ።

በማግሥቱ ባልደረባዬን ገና በጧቱ ቀሰቀስኩት። ከኤረር በርና ከቡዳ በር አትክልትና ማገዶ የተሸከሙ የኦሮሞ ሴቶች ይገባሉ፤ ጠባቡ መንገድ በቀለም ይሞላል። በሥጋው ገበያ ጊድር መጋላ ጭልፊቶች ጣሪያ ላይ ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ባልደረባዬ ሳምቡሳውን በእጁ ይዞ ስለ ግመል ሥጋ ዋጋ ሲጠይቅ ከላይ አንዱ ወርዶ እጁን ባዶ አደረገው። ቁርስ ዝርዝሩ ላይ አልተያዘም እንጂ ይህን በስንት ደቂቃ እንደሚያስቀምጠው ለማየት ጓጉቼ ነበር።

ከዚያ ወደ መኪና ግርግር ወረድን። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከድምፃቸው ነው። ባልደረባዬ ትናንት ከጅቡ ፊት ሲነሳ ሱሪው ተቀዶ ነበርና አንዱ ሰፊ «ና» ብሎ አስቀመጠውና እንደለበሰው ሰፋለት። «ስንት ነው?» ሲለው «ለሱሪው ነው ለታሪኩ?» አለ ሰፊው። የጅቡ ታሪክ ከእኛ ቀድሞ ገበያ ወርዷል።

ረፋዱ ላይ የሐረሪ ቤት አየን። ወለሉ በአምስት ከፍታ የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ መደብ የተቀማጩን ማዕረግ ያውቃል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። ወለሉ ለምን እንደቀላ ስንጠይቅ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው አሉን። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ዝምታውን የሰበረው ባልደረባዬ ነው፦ ሄዶ በሩን የሚያየው መደብ ላይ ዘፍ አለ።

«እሱ የአባወራው ቦታ ነው» አሉት የቤቱ እናት። ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ፤ አባወራው ሲመጣ ይነግርሃል» ብለው ቡና አቀረቡለት።

ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አስጎብኚያችን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለች ምልክት ነው ሲል ያላገባው ባልደረባዬ ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እናቴ፣ ልጅዎ እዚህ ነች?» አለ በጨዋ ድምፅ። «ቶሮንቶ ነች» አሉት። ዝርዝሩን መልሶ አወጣ።

የሸሪፍ ሙዚየምን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ራስ ተፈሪ ከሠርጋቸው በኋላ የከረሙበት ነው ይባላል። ውስጡ ያለው የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና ጌጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ እየለመኑ፣ እየገዙና እየጠገኑ በዕድሜያቸው ያሰባሰቡት ነው። እዚህ ባልደረባዬ ሰዓቱን አላየም።

«ጊዜ አጠረን» የሚለውን ሙሾ ሐረር ላይ ማውረድ ደግሞ ያሳፍራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ጥር ወር ሐረር ገብቶ የቆየው አሥር ቀን ያህል ነው፤ አብዛኛውንም አሚሩ እንዲለቁት ሲጠብቅ ነው ያሳለፈው። በዓመቱ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ግን እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ እየሄደ እየተመለሰ ዓመታት ኖረባት፤ ግጥሙን ቀድሞ ትቶት ስለነበር ቡናና ቆዳ ሲነግድ ለቤተሰቡ የሚጽፈው «ሰለቸኝ» እያለ ነበር። በስሙ የሚጎበኘው ያማረ ቤትም እሱ የኖረበት አይደለም። ስለዚህ የቆይታ ርዝመት ለብቻው ዋስትና አይሆንም። ዓመታት ኖሮ የሚሰለች አለ፤ በአሥር ቀን መጽሐፍ የሚሞላም አለ።

ስንመለስ ባልደረባዬ አውሮፕላን ላይ ዝርዝሩን ቆጠረ። ካሰባቸው መስጊዶች ያየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ቢሮ ስንገባ ግን ስለ ሐረር ሲጠየቅ አንዱንም ከዝርዝሩ አላነሳም፤ ጅቡን፣ ጭልፊቱንና ሱሪውን አወራ። ሪፖርቱ ላይ ምን እንደጻፈ አላውቅም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ የትኛውም ከተማ ስትደርስ መጀመሪያ ያገኘኸውን የአገሬው ሰው ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ገበያችሁ የሚሞቀው መቼ ነው? ቁጭ የምትሉት መቼ ነው? አየር ለመቀበል የምትወጡትስ መቼ ነው? ከዚያ ሰዓትህን በእነሱ አስተካክል። ሐረር ከሄድክ ደግሞ «ድሬዳዋ እደር፣ ሐረርን በቀን ደርሰህ ተመለስ» የሚሉህን አትስማቸው፤ እዚያው እደር። ግማሹ ሐረር የሚጀምረው ከመግሪብ በኋላ ነው።