የገበያ ባለሙያዎች ማኅበር፦ አመሠራረቱ፣ አኗኗሩና የምልዓተ ጉባኤው ነገር

የገበያ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ቢራ፣ የታሸገ ውሃና የጣሪያ ቆርቆሮ ለአገር ሁሉ የሚሸጡ ሰዎች አንዲት ስብሰባ እርስ በርሳቸው መሻሻጥ የሚያቅታቸው የሙያ ማኅበር ነው። ሕጉ ትርጉሙን እዚህ ድረስ አይወስደውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበርን የሚያየው ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ግብ ሁለት ወይም ከሁለት በላይ ሰዎች የሚያቋቁሙት ኅብረት አድርጎ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ አምስትና ከዚያ በላይ አባላት እንዲኖሩት፣ የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው እንዲሆን ያዛል። ከሁለቱ ድንጋጌዎች የመጀመሪያው የሚከብድ ይመስላል፤ ኑሮውን በትርፍ የመሠረተን ሰው ትርፍ ወደሌለበት ጉዳይ መጥራት ቀላል አይደለም። በተግባር የሚከብደው ግን ሁለተኛው ነው፦ አምስት ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል።

በሌላው ዓለም ማኅበሩ ዕድሜ ጠግቧል። በእንግሊዝ በ1911 እ.ኤ.አ. የሽያጭ ሥራ አስኪያጆች ማኅበር ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት ስሙን እያሻሻለ ቆይቶ በ1989 የንግሥቲቱን ቻርተር አግኝቷል። በአሜሪካ የማርኬቲንግ መምህራንና የማርኬቲንግ ባለሙያዎች ሁለት የተለያዩ ማኅበራት ነበሯቸው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ተዋህደው አንድ ሆኑ። እኛ ዘንድ የተለመደው አንዱ ተከፍሎ ሁለት መሆኑ ስለሆነ፣ የአሜሪካኖቹ ዘዴ ገና ጥናት ይፈልጋል።

ማኅበሩን በቅርበት ለማጥናት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይመቻሉ። እነዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች የሚሸጥ ነገር አላጡም። ሰበታ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ መቀመጫ ናት። ፋብሪካውን በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዛው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሌላው ቢራ ጠማቂ ወደ ቢጂአይ ዞረ። የፋብሪካው ሻጮች እንግዲህ ሽያጭን ከሁለቱም ወገን ያውቁታል፤ ሸጠዋልም፣ ተሽጠዋልም። ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ ውሃ ታሽጋለች፤ ኔስሌ አብላጫ ድርሻ የገዛበት አቢሲኒያ ስፕሪንግስ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብም ለአዲስ አበባ ውሃ ይሰጣል፤ ይህኛው ግን በቧንቧ ስለሚሄድ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፣ ማርኬቲንግ ኦፊሰር የለውም፣ ስለዚህም በማኅበሩ አይወከልም።

ለማኅበሩ ትልቁን ውለታ የዋለው ሕግ አውጪው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ የቢራ ማርኬቲንግ ሰው ጃንጥላና ወንበር ቆጥሮ ከማስረከብ በቀር ብዙ የሚሠራው አጣ። ለሙያ ማኅበር የሚሆን ትርፍ ጊዜ በአገር ደረጃ የተገኘው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የቦታ ጥያቄ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው፤ ሦስቱ መንገዶች የሚገናኙት አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለሦስቱም ከተሞች እኩል ይቀርባል ተብሎ የሚመረጠው አዳራሽ በአንዳቸውም ውስጥ አይገኝም። በዚያ ላይ ፋብሪካው ሰበታ ወይም ሱሉልታ ቢሆንም የማርኬቲንግ ክፍሉ ብዙ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ወይም ቦሌ ነው የሚቀመጠው። ባለሙያው ወደ ፋብሪካው የሚወርደው እንግዳ ሊያስጎበኝ ወይም ንብረት ሊያስቆጥር ነው። የሰበታ ማርኬቲንግ ባለሙያ የሚባለው እንግዲህ ሰበታን በሰርቪስ መስኮት የሚያውቃት ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተቋቁሞ ሦስቱን ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ አስተዳደር ሲያጠቃልላቸው፣ ችግሩ የተቃለለ መስሎ ነበር። ለማኅበርተኛው የተረፈው ግን በማኅተሙ ዙሪያ የማን ከተማ ስም ይጻፍ የሚል አዲስ አጀንዳ ነው።

የምሥረታ ጉባኤው ቅዳሜ ከሰዓት ይካሄዳል። ጥሪው 7፡30 ይላል፤ በ8፡30 አዳራሹ ውስጥ ያለው አዳራሹን የሚያጸዳው ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚደርሰው የውሃ ፋብሪካው ተወካይ ነው። በነፃ ያመጣውን ውሃ በየጠረጴዛው ይደረድርና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያዞረ ስማቸው ወደ ካሜራው እንዲመለከት ያደርጋል። የተፎካካሪው ፋብሪካ ተወካይ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ጠርሙስ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ ቢጠማውም አይከፍተውም። በዕለቱ ከሚከናወነው ሁሉ የሙያ ሥራ ሊባል የሚችለው ይኸው ነው።

ምርጫው የራሱ ሥርዓት አለው። ሰብሳቢ የሚሆነው ስብሰባውን የጠራው ሰው ነው፤ ስብሰባውን የጠራውም ሰብሳቢ ለመሆን ነው። ጸሐፊነት እስክሪብቶ ይዞ ለተገኘ ይሰጣል። ገንዘብ ያዥ ባንክ ቤት የሚሠራው አባል ይሆናል፤ ባንክ ውስጥ የያዘው የሥራ መደብ የጥበቃ ኃላፊነት ይሁን የማስታወቂያ አይጠየቅም። ኦዲተር ሆኖ የሚመረጠው ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ያለው ሰው ነው፤ ሲመለስ ቤቱ ያጨበጭባል፣ እሱም ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አብሮ ያጨበጭባል። ቃለ ጉባኤው “በሙሉ ድምፅ” ይላል።

መተዳደሪያ ደንቡ ከሌላ ማኅበር የተገለበጠ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ይጸድቃል። አርማው ግን ሦስት ስብሰባ ይፈጃል። አንዱ ወገን የተጨባበጡ እጆች፣ ሌላው ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት፣ ሦስተኛው አንበሳ ይላል። በመግባባት የሚጸድቀው ቀስት ላይ የቆመ አንበሳ ሆኖ እጆቹ ከሥር ይጨባበጣሉ። በማኅተም ልክ ሲቀነስ አንበሳው ድመት ይመስላል፤ ለማረም የተዋቀረው ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርቱን አላቀረበም።

ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው ከአራት በሮች በአንዱ ይገባል። የመጀመሪያው በር ውክልና ነው፤ አለቃው በጥሪ ደብዳቤው ጥግ ላይ “ሄደህ ተሳተፍ” ብሎ መርቶለት የመጣው ሰው እስከ ሻይ ዕረፍት ይቆያል። ሁለተኛው ሰርተፍኬት ነው፤ የዚህ አባል ጥያቄ ስሙ በትክክል ይጻፍልኛል ወይ የሚል ብቻ ነው። ሦስተኛው ሥራ ፍለጋ ነው፤ ተሰብሳቢውን ትቶ የተሰብሳቢውን መሥሪያ ቤት ይጨብጣል። በአራተኛው በር የሚገባው ከልቡ የመጣው ነው። ኮሜርስ ሲማር ስለ ገበያ ጥናትና ስለ ደንበኛ ባሕርይ የተነገረው ሁሉ ፋብሪካ ሲገባ ካሌንደር ማሳተምና ቲሸርት ማደል ሆኖበት፣ ሙያው ይህ ብቻ ሊሆን አይችልም ብሎ የመጣ ነው። ማኅበሩን የሚያቆመው ይህ ሰው ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰለቸውም ይኸው ሰው ነው።

የማኅበሩ ዓመት በመዋጮ ይለካል። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ይከፍላል። በሦስተኛው ወር የከፈሉት ያልከፈሉትን በክፉ ዓይን ያያሉ። በአምስተኛው ወር ያልከፈሉት ተነሥተው “ገንዘቡ የት ገባ?” ብለው ይጠይቃሉ። የቴሌግራም ግሩፑ በዓል ሲመጣ በአበባና በቄጠማ ሥዕል ይሞላል፣ ሐዘን ሲኖር ነፍስ ይማር ይባልበታል፣ በቀረው ጊዜ ክፍት የሥራ ቦታ ይለጠፍበታል። የዓመቱ ሪፖርት ክንውኑን “አበረታች” ይለውና ለጉድለቱ ሁለት ምክንያት ይሰጣል፦ የበጀት እጥረትና የአባላት የግንዛቤ ማነስ። ግንዛቤ ማስጨበጥ እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ሪፖርቱን ሰምተው፣ ግንዛቤ የሚያስጨብጥ ሰው ከውጭ እንዲጋበዝ ወስነው ይለያያሉ።

ለንጽጽር በዚያው አካባቢ የሚሠሩ፣ ምሁራን ያልደረሱባቸው ሌሎች የገበያ ባለሙያዎችን ማየት ይጠቅማል። አንደኛው አስኮ ላይ ቆሞ “ቡራዩ! ቡራዩ! አንድ ሰው የቀረው!” የሚለው ጠሪ ነው። አንድ ሰው የሚቀረው ሦስት ሰው ሲጎድልም ነው። እጥረት ፈላጊን እንደሚያጣድፍ ኮሌጅ በሴሚስተር የሚያስተምረውን እሱ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። ክፍያውን በየጉዞው ስለሚቀበል ውዝፍ የለበትም። እሱና ጓደኞቹ ጥሪ ሳይበተን በየቀኑ ከማለዳው 12 ሰዓት ተሟልተው ይገኛሉ።

ሁለተኛው ደላላ ነው። የሰበታ ደላላ አንዱኑ ቦታ ለአዲስ ሙሽሮች “ጸጥ ያለ ሰፈር”፣ ለነጋዴ “መንገድ ሊወጣበት የታሰበ”፣ ከውጭ ለመጣ ዘመድ ደግሞ “አየሩ ራሱ መድኃኒት” ብሎ ያሳያል፤ “ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ” የምትለው ቃል ለሁሉም የጋራ ናት። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሥነ ምግባሩ ነው። አንዱ ቤቱን፣ ሌላው ገዢውን ካመጣ ኮሚሽኑን ይካፈላሉ። ድርሻ የደበቀ ደላላ በማግሥቱ ሥራ የሚጠቁመው አያገኝም። ይህ ደንብ አልተጻፈም፣ አልተባዛም፣ አርማም የለው። ግን ይሠራል።

ከሁለቱ ጋር የሰፈር ዕድር ሊጨመር ይገባል። ዕድር ለቀረ መቀጫ አለው፤ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበርም አለው። የማርኬቲንግ ባለሙያውም ቢሆን ለማኅበሩ ጉባኤ “መንገድ ተዘጋግቶብኝ” ባለበት እሑድ ለዕድሩ ስብሰባ በጧት ተነሥቶ ይሄዳል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከአንድ ነጥብ ነው፤ የቀረ ሰው ምን ያጣል? ጠሪው ቢቀር የዕለት ገቢውን፣ ደላላው ቢከዳ ጥቆማውን፣ ዕድርተኛው ቢቀር ቀባሪውን ያጣል። የማርኬቲንግ ማኅበር አባል ከጉባኤው ቢቀር የሚያጣው ቦምቦሊኖና ሻይ ነው።

መፍትሔው ከዚሁ ይገኛል፤ ማኅበሩ ሲቀሩበት የሚቆጭ ነገር ይኑረው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አለቃው “ከዓለም አንደኛ ነን ብለህ ጻፍ” ሲለው “ሙያዬም ሕጉም አይፈቅድልኝም” ማለት የሚፈልግ ኦፊሰር ከኋላው የሚቆም ማኅበር ቢያገኝ መዋጮውን አያዘገይም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚከፈለውን ደመወዝ ለአባላቱ የሚያሳውቅ፣ ለጀማሪው የሚያማክር ሰው የሚመድብ፣ ሥራ ለተቋረጠበት ከደላላው ባልተናነሰ ፍጥነት የሚጠቁም ማኅበርም ምልዓተ ጉባኤ አይቸገርም። ባልመጣ አባል ላይ መቀጫ መጣሉም አይከፋም፤ አገሩ የሚያውቀው አሠራር ነው።

ስለዚህ ማኅበር ለመግባት ያሰበ የሰበታ፣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ባለሙያ ይግባ፤ መጀመሪያ ደንቡን ያንብብ፣ መዋጮውን በወቅቱ ይክፈል፣ መሥራት ከፈለገ ደግሞ እስክሪብቶ ይዞ ይሂድ። ጠቅላላ ጉባኤው ግን ሐምሌ ሳይወጣ ይጠራ፤ ከነሐሴ ጀምሮ ሁሉም ካሌንደር ለማሳተም ማተሚያ ቤት ነው።