ሰኖ ገበያ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ሰኞ ማለዳ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተነሣም። ከኩታበር፣ ከገራዶ፣ ከሐይቅ ሰው ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ ይጎርፋል። ከኮምቦልቻ የወጣውም የደሴን ብርድ አልቻለውምና ጋቢውን አጥብቆ ተከናንቧል። በዚያ ማለዳ ፊደላትም ገበያ ወጡ ይባላል። አባ ሀ ከፊት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ከኋላ።

መጨረሻ የደረሱት ባለ ሸክሞቹ ናቸው፤ እነ ሸ፣ እነ ቸ፣ እነ ኘ፣ እነ ዠ። መልካቸው የሰ፣ የተ፣ የነ እና የዘ ነው፤ የሚለያቸው አናታቸው ላይ የተጋደመችው አንዲት እንጨት ብቻ ናት። ኞ የምትባለው ሴትዮ ሸክሟን ከኩታበር ጀምሮ አላወረደችም። እንዴት ታወርዳለች? ስሟ እኮ እሱ ነው።

ወጋቸው ረጅም ነው። አያቶቻቸው እዚሁ ቅርብ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ብራና ላይ ኖረዋል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ባስተማሩበት ገዳም። ቁም ጸሐፊው ፊደሉን ያውቀዋል፤ ባለ ሸክም ሲመጣ ከአናቱ በላይ ስፍራ ይተውለታል። ኋላ ዘመን ተለወጠና ኑሮ የኮምፒውተር መስታወት ውስጥ ሆነ። መጀመሪያ እያንዳንዱ መስታወት ቤት በየራሱ ቁጥር ይቆጥራቸው ስለነበር፣ እዚህ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ እዚያ ቤት ሲከፈት ማንም የማያነበው ቅራቅንቦ ይሆን ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ 345 ፊደላትንና ምልክቶችን መዝግቦ ለያንዳንዱ የማይለወጥ ቁጥር ሰጠ፤ በኮምፒውተር አቆጣጠር ነ 1290፣ ኘ 1298 ተባሉ። ልብስ ሰፊዎችም ፎንት የሚባለውን ልብስ ይዘው መጡ፤ ኒያላን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር፣ አቢሲኒካን፣ ኖቶን። መታወቂያም ልብስም ተገኘ። የቀረው በር ነበር።

ገበያው ዳር የቆመው መስታወት ቤት በሩ የተለካው ሸክም በማይጭኑት በእንግሊዝኛ ፊደላት ቁመት ነው። ሹሙ «ቤቴ አንድ ልክ አለው፤ ለሁሉም እኩል ነው» አለ። ሀ ገቡ፣ ለ ገባ፣ በ ገባ። ኞ ልትገባ ስትል ጉበኑ ሸክሟን መትቶ ደጅ ጣለው። ውስጥ ስትቆም ኖ ሆና ቆመች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ «ሰኖ ገበያ» አለ። እውነተኛው ኖ ጥግ ላይ ሆኖ ይህን አየና ደነገጠ፤ «ኧረ ጎበዝ፣ ኖ እኔ ነኝ!» አለ። ማን ይስማው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። «አንዲት ጭረት ብትቀር ምን ችግር አለው፣ ከአገባቡ ይገባናል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለአንባቢው ይገባው ይሆናል። ሸዋዬ ግን «ሰዋዬ» ተብላ ስትጠራ አቤት አትልም፤ ወረፋዋ ያልፋታል።

ፊደላቱ አጉረመረሙ፣ ሹሙ ተሻረ። አዲሱ ሹም የተማረና ፊቱ የሚስቅ ነው። «ከእንግዲህ ማንም ማንንም አያስገድድም» ብሎ ግድግዳው ላይ አርባ ቁልፍ ሰቀለ፤ የቁመት፣ የውፍረት፣ የመስመር ርቀት፣ የጠርዝ ማለስለሻ፣ ምኑ ቅጡ። በሩን ግን እንደነበረ ተወው። ቁልፉን የሚያውቅ ከፍ አድርጎት ይገባል። በእግሯ የመጣችው ኞ፣ ከአርባው የትኛው ጉበኑን እንደሚያነሣ በምን ታውቃለች? ሸክሟን ይዛ ደጅ ቆመች። ስፍራዋ ባዶ እንዳይሆን ኖን ጎትተው አቆሙት። አላፊ አግዳሚው «ምርጫ አለሽ እኮ እህቴ» ይላታል። ይህ ከጉበኑ ይበልጥ ያማል። የፊተኛው ሹም ጥፋቱ የራሱ ነበር፤ ይኸኛው ጥፋቱን እሷ ላይ ጫነው፣ በሸክም ላይ ሸክም።

አንድ ቀን ጎረምሳው ለ የውፍረቱን ቁልፍ አዞረ። ወፈረ፣ አማረበትም። ነገር ግን አንዱ ያዞረው ቁልፍ ለቤቱ ሁሉ ነው የሚዞረው። የሴ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ጠበበች፣ ጠበበችና ተደፈነች። ከሲ የምትለየው በዚያች ቀለበት ነበር፤ «ሴት» የተባለው ሁሉ «ሲት» ሆነ። ለ ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ሊመልሰው ቢል ደግሞ ቁልፉ ከአርባው መሐል ጠፋበት።

ያን ጊዜ አባ ሀ ቡና ይፈላ አሉ። ዱዓው ተደረገ፣ አቦሉ ተቀዳ። «እስቲ ንገሩኝ፤ አንድም ቁልፍ ለማያዞር ሰው ይህ ቤት እንዴት ሆኖ ይጠብቀው?» አሉ። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቁልፍ አይነካም፣ እንዳገኘው ይኖራል። ኮምፒውተሮቻችን ዛሬ ይህን «ነባሪ» ይሉታል፤ እኔ ቃሉን እወደዋለሁ፣ ሰው የሚኖርበት ነገር ነውና። አባ ሀ ቀጠሉ፤ «በእኔ አትለኩ። እኔ አጭር ነኝ፣ የትም እገባለሁ። ኞን አቁሟትና ከነሸክሟ ለኩ።»

በ ተቃወመ። «በሩ ከፍ ሲል ጣሪያውም ከፍ ይላል፤ አንድ ገጽ ላይ የምንሰፍረው መስመር ያንሳል» አለ። እውነቱን ነው፣ አነሰ። ሦስት አራት መስመር ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገረ፤ በ ራሱም አብሮ ተሻገረ።

ቁልፎቹ ይጣሉ ያለም ነበር፤ አባ ሀ እምቢ አሉ። ዓይኑ የደከመ አንባቢ አለ፣ ካልጎላለት አያነብም። እየጻፈ የሚያነጋ አለ፣ መስመሩ ጠበብ ሲል ይሻለዋል። ስለዚህ የመጠን፣ የመስመር ርቀትና የልብስ ቁልፎች በሩ አጠገብ የልጅ እጅ በሚደርስበት ተሰቀሉ። የቀሩት ሣጥን ገቡ፤ ሣጥኑ ክፍት ነው። ከሁሉም ጎልቶ የተሰቀለው ግን «ወደ ነበረበት መልስ» የሚለው ነው። ሮጦ መጀመሪያ ያዞረው ለ ነበር። የሴ ቀለበት ተከፈተች።

በሚቀጥለው ሰኞ ኞ ከኩታበር መጣች። በሩ ጋ ስትደርስ እንደለመደችው አንገቷን ሰበረች። የነካት የለም። ቀስ ብላ ቀና አለች፣ ገባችና ከሰ ጎን ቆመች። ኖ «ተመስገን» ብሎ ስፍራዋን ለቀቀላትና፣ «ራ»ን ብቻ ይዛ ስትጠብቀው ወደ ከረመችው ኖራ ሻጭ ቁልቁል ሮጠ።