ሠላሳ ምን? በካዛንቺስ መንገድ ዳር ስለቆመ አንድ ቀይ ክብ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ጥናቱ የተካሄደው በሚኒባስ ጋቢና ነው። ናሙናው አንድ ሾፌር፣ አንድ ረዳትና ጸሐፊው ሲሆኑ፣ የጸሐፊው ቀበቶ መቆለፊያው ስለጠፋ እስከ ጥናቱ ፍጻሜ በእጅ ተይዟል።

ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ስንሄድ አንድ ክብ ቆሟል፤ ጠርዙ ቀይ፣ መሀሉ ነጭ፣ ውስጡ ቁጥር። ቀለሙ ስለለቀቀና የዛፍ ቅርንጫፍ ስለተደገፈበት 30 ይሁን 80 ለመለየት መቆም ያስፈልጋል። አጠገቡ ደግሞ መቆም ክልክል ነው የሚል ሌላ ምልክት አለ፤ እሱ በደንብ ይነበባል።

ለነገሩ ቁጥሩ ቢነበብም ለአዲስ አበባ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚነግረው። በአርባ ወንድ፣ በሰማንያ ሴት ክርስትና ይነሣሉ። ሰው ሲያርፍ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው ይታሰባል። በሰማንያ የተጋባም አለ። እንግዲህ 80ን ያየ ሾፌር ስለ ክርስትና፣ ስለ ጋብቻና ስለ ተዝካር ባንድ ጊዜ ተነግሮታል፤ ስለ ፍሬን ግን ማንም አላነሣለትም። «ኪሎ» ቢጨመርበትስ? አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ሰፈር ናቸው፤ ሠላሳ ኪሎ ጤፍ ነው።

አካባቢው የመጣለትን ጽሑፍ በራሱ አፍ ማንበብ ልማዱ ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸውን ቤቶች በቤት ሠሪው ተቋም ምህጻረ ቃል «ካዜ ኢንቺስ» ብለው ነበር፤ ሰዉ ካዛንቺስ ብሎ ተገላገለ። እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ለገሃር ሆኗል። ቀይ ክቡም ቢሆን ባዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየናው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት የሰፈረ ነው፤ ስምምነቱ የተባበሩት መንግሥታት፣ የድርጅቱ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደግሞ የካዛንቺስ ጎረቤት። ጎረቤትን ሰላም ይሉታል እንጂ ማን ይታዘዘዋል?

ሾፌር ምልክት አይገባውም የሚሉ አሉ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ግን አገሩ በሙሉ በግራ መንዳት ትቶ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። ያኔ የተባለው «በቀኝ» ነው፤ ቅርንጫፍ አልተደገፈበትም።

ወደ ናሙናችን እንመለስ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ የሚፈቀደው ስንት ነው?»

«ትራፊክ ካለ ሠላሳ።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለማ ምኑን ጠየቅኸኝ?»

ትራፊክ መኖሩ የሚታወቀው እንዴት እንደሆነ ለመጠየቅ ስዘጋጅ፣ ከፊታችን የመጣ ቪትዝ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገ። ጋሼ እግራቸውን ከነዳጁ አነሡ፤ አጸፋውን በእጃቸው ሰላም አሉ። ለሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደ ሙሽራ መኪና ተጓዝን። ትራፊኩን ካለፍን በኋላ መኪናው የተበደረውን ፍጥነት ከነወለዱ መለሰ።

ክቡ ጋ ስንደርስ ከኋላ አንዲት ሴት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ወራጅ አለ» አለች። ሚኒባሱ ባለበት ቀጥ አለ። የቆምነው መቆም ክልክል ነው ከሚለው ምልክት ሥር ነው።

ረዳቱ መልስ ሊሰጣት ዝርዝር ሲፈልግ ቁጥሩን ለማየት ጊዜ አገኘሁ።

50 ነው።